ባዶ ሰልባትዮ ባዶ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው በቴሌግራም ደረሰኝ። ቆሞ ከከረመ አሮጌ መኪና ላይ ቤንዚን እንዴት ቤት ውስጥ እንደሚወጣ ያስተምራል። ከላኪዎቹ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። «ቅዳሜ ልሞክረው ነው፣ ቱቦ ይኖርሃል?» ብሎ ነው የጻፈልኝ። ወዲያው ደወልኩለት። ግማሽ ሰዓት አወራን። ለእሱ የነገርኩትን አሁን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ቅዳሜን የሚጠብቅ ሌላም ሰው ይኖራልና።

ጽሑፉ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ቮልስና ላዳ እንደገና ዓይን ገብቷል። የነዳጅ ዋጋም የሚቀመስ አይደለም። ሠላሳ ሊትር ቤንዚን ሰልባትዮ (የመኪናው ነዳጅ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ተኝቶ እያየ ማን ዝም ይላል?

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ስለሚበላሽ ሞተር ከመነሳቱ በፊት መውጣት አለበት ይላሉ። ለማውጣት ሁለት ሜትር ቱቦ ይበቃል፤ አንዱን ጫፍ ሰልባትዮ ውስጥ መክተት፣ ሌላውን በአፍ መሳብ ነው። ፀሐይ ቤንዚን ስለምታቀጣጥል ሥራው ጋራዥ ውስጥ በር ተዘግቶ ይሠራ። ስልክ ይራቅ። ቱቦው ሥራ ከጀመረ በኋላ ባትሪው ይነቀል። የወጣው ቤንዚን በተገኘው ፕላስቲክ ይቀመጥ። ሰልባትዮው ከተራገፈ በኋላ «ስጋቱ አብሮ ወጥቷል»፤ ቀዳዳ ካለው በውሃ አጥቦ ማስበየድ ይቻላል። የወጣው ቤንዚን ከአዲስ ጋር ተደባልቆ ይነዳበት፣ የማይረባው ቦይ ውስጥ ይደፋ። ድንገት እሳት ከተነሳ ባልዲ ውሃ አጠገብ ይኑር። እንግዲህ ጽሑፉ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ልክ ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ከበቂ በታች ነው የተናገሩት። የአባቴ ቮልስ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ነበር። ሰልባትዮው ውስጥ የነበረውን በጠርሙስ ስቀዳው ቀለሙ ቀይ ሻይ ይመስላል። ሽታው የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የቫርኒሽ ሆኗል። ጠርሙሱን አሥር ደቂቃ ሳቆመው ከሥሩ ዝገቱ እንደ ደቃቅ በርበሬ ዘቀጠ። ያ ካርብሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቀው ዕቃ) ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሌላም ነገር አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን ከስኳር ፋብሪካ ከሚወጣ ኢታኖል ጋር ይደባለቅ ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላ 10 በመቶ። ኢታኖል ውሃ ይስባል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ከበዛበት ከቤንዚኑ ተለይቶ ሥር ይቀመጣል። የድሮ መኪና ጎማ ቱቦዎችንም ያበሰብሳል። በዚያ ዘመን ተሞልቶ የቆመ መኪና ካለዎት፣ አዎ፣ ይውጣ።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዩት ፈሳሹን ነው። ፈሳሹ የት አለ፣ ስንት ሊትር ነው፣ ወደ የት ይሂድ። የሚነደው ግን ፈሳሹ አይደለም። የሚነደው ከላዩ የሚነሳው ተን ነው። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በክብሪት የሚያያዝ ተን አይሰጥም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም፣ ጠዋትም ማታም፣ ክዳኑ በተከፈተ ሰዓት ሁሉ ተን አለ። ደግሞ ይህ ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። በር ስር ይሾልካል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ይህን ይዘን ወደ ጋራዡ እንሂድ። «ፀሐይ ታቀጣጥለዋለች» የሚለው ስህተት ነው። ቤንዚን ያለ ክብሪት በሙቀት ብቻ እንዲያያዝ ከ250 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የእኛ ፀሐይ ይህን አታደርግም። በእርግጥ ሙቀት ተኑን ስለሚያበዛው ጥላ ይሻላል፣ ጠዋት ደግሞ ከቀትር ይሻላል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ግን ፀሐይን ሸሽቶ በር መዝጋት ማለት ተኑን አብሮ መቆለፍ ማለት ነው። ጋራዡ መካከል የመካኒክ ጉድጓድ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። መኪናው በሰው ተገፍቶ ወደ ውጭ ይውጣ። ነፋስ የሚያገኘው፣ ከግንብና ከቤት የራቀ ቦታ ይቁም። ሞተሩ ስላልተነሳ መግፋት ይከብዳል የሚል ካለ፣ ቮልስ ሦስት ሰው ይገፋዋል።

አሁን ጸሐፊው ያልጻፉትን ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ስለ ስልክ ሁለት አንቀጽ አላቸው። ስለ ከሰል አንድ ቃል የለም። መኪናው ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ምን ይደረጋል? እማማ ረከቦቱን ዘርግተው ቡና ይቆላሉ። ከሰሉ መሬት ላይ ነው፣ ተኑም መሬት ላይ ነው። አሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለች ምድጃ ምንም የማታደርግ ትመስላለች። ተኑ ግን ሄዶ ያገኛታል፣ እሳቱም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ሰልባትዮው አፍ ድረስ ይመጣል። ጓዳ ያለው የጋዝ ምድጃም፣ ጎረቤት በአጥሩ ሥር የሚያጨሰው ሲጋራም እንደዚያው ነው። ቤንዚን የሚወጣበት ቀን ቡናው ከሰዓት ይሁን። ለቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ መንገር ነው፤ «ዛሬ እሳት የለም» ብሎ።

ስልኩ ይራቅ ማለታቸውን አልቃወምም። ከእጅ ወድቆ ባትሪው ሊጎዳ ይችላል፣ ሐሳብንም ይከፋፍላል። ነገር ግን ማደያ ላይ በስልክ ተነሱ ተብሎ ከተወራላቸው እሳቶች ብዙዎቹ ሲመረመሩ መነሻቸው ሌላ ሆኖ ነው የተገኘው፦ ሰው ከወንበር ሲነሳ ልብሱ ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ። ከስልክ ይልቅ የምፈራው መካኒኮች በረጅም ገመድ እየጎተቱ መኪና ሥር የሚያስገቡትን አምፖል ነው። አንድ የቤንዚን ጠብታ የጋለ አምፖል ላይ ካረፈች መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ደግሞ እየነደደ ነው። በቀን ብርሃን ይሥሩ፣ ያኔ አምፖል አያስፈልግም።

ባትሪ ይነቀል ማለታቸውን አደንቃለሁ። ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቅደም ተከተሉ ነው የተሳሳተው። የባትሪ ገመድ ሲላቀቅ ትንሽ ብልጭታ ይሰጣል። ጸሐፊው የሚያስነቅሉት ቱቦው እየፈሰሰ፣ ተኑ በተነሳበት ሰዓት ነው። መሆን ያለበት ክዳኑ ሳይከፈት፣ ከሁሉም በፊት ነው። ኔጋቲቩ መጀመሪያ ይላቀቅ። በቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ሲያነሱ ይጠንቀቁ፤ የወንበሩ ሞላ ሽቦ ፖዘቲቩን ከነካ እዚያው ብልጭታ አለ። ቤንዚኑ ከፊት ኮፈን ሥር መሆኑ በዚህ ረገድ ጥሩ ነው። ላዳ ላይ ግን ሰልባትዮው ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ተኑ ሻንጣው ውስጥ ይታፈናል። ሻንጣውን ከፍቶ በደንብ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ስለ አፍ መሳብ ጸሐፊው «አባቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ቢዋጥም ወተት ይጠጣበት» ይላሉ። አባቶቻችን ማድረጋቸው እውነት ነው። አባቴም ያደርገው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያስለው እንደነበርም አስታውሳለሁ። ቤንዚን ሆድ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። በጣም ቀጭን ስለሆነ ሲውጡትም ሲያስመልሱትም ወደ ሳንባ ይሾልካል። ጥቂት ጠብታ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሳንባው ይቆጣል፣ ኢንፌክሽን የሌለው የሳንባ ምች ያመጣል። ሰውየው ለጊዜው ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ወተት ይህን አያድንም። ይልቅ ማስታወክን ሊያመጣ ይችላል፣ ማስታወክ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ለሳንባ መስጠት ነው። የዋጠ ሰው አያስመልስ፣ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ።

አማራጩ ውድ አይደለም። በእጅ እየተጨመቀ የሚስብ የጎማ ፓምፕ መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ከላይ መሳብ ራሱ አያስኬድም። የመሙያው አንገት ይጠማዘዛል ወይም ወንፊት አለው፣ ቱቦው ሥር አይደርስም። ዝገቱና ውሃው ያለው ደግሞ ሥር ነው። እኔ ቮልሱን ያራገፍኩት ከታች ነው። ከሰልባትዮው ሥር ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማ ፈታሁ፣ ጫፉን ወደ ብረት ጀሪካን አዞርኩት። ጎማው ሲላቀቅ ክሩ እጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያፈስ የቆየው በዕድል ነው። መኪናው ከፍ ማለት ካለበት ክሪክ ብቻ ላይ አይተማመኑ፣ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግበት።

ዕቃው ላይ ልምጣ። «በተገኘው ፕላስቲክ» ሲባል ሰው የሚያገኘው ሃይላንድ ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ሲሸጥ ስለምናይ ዓይናችን ለምዶታል። ግን ስሱ ነው፣ ክዳኑ ተን አይይዝም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውሃ መጠጫ ነው። ውሃ የጠማው ልጅ ሃይላንድ አይቶ ምን እንዳለበት አይጠይቅም። የዘይት ጀሪካን ይሻላል የሚሉ አሉ። ፕላስቲኩ ቶሎ አይጎዳም፣ ይህን እቀበላለሁ። ክዳኑ ግን ለቤንዚን ግፊት አልተሠራም፣ ፀሐይ ላይ ያብጣል። ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ይገዛ። ከአንገቱ በታች ትንሽ ቦታ ይተውለት፣ ቤንዚን ሲሞቅ ይለጠጣልና። ሲሞላም ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ፒካፕ ላይ ወይም ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ አይሁን። የሚፈስ ቤንዚን ራሱ ስታቲክ ይፈጥራል፣ መሬት ላይ ያለ ዕቃ ግን ወደ መሬት ይለቀዋል። የብረት ጀሪካን ከሆነ ከመኪናው ቀለም ያልተቀባ ብረት ጋር በሽቦ ማገናኘት በጣም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ብየዳው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው ሰልባትዮው ከተራገፈ በኋላ «ስጋቱ አብሮ ወጥቷል» ብለዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የቤንዚን ተን አየር ውስጥ ከ1.4 በመቶ በታች ከሆነ አይቀጣጠልም፣ ስስ ነው። ከ7.6 በመቶ በላይ ከሆነም አይቀጣጠልም፣ አየሩ አይበቃውም። በመካከል ያለው ነው የሚፈነዳው። ሙሉ ሰልባትዮ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ክፍተት በተን የታጨቀ ነው፣ ለመንደድ አየሩ አይበቃውም። ስናራግፈው ግን በወጣው ቤንዚን ምትክ አየር ይገባል። ስለዚህ አራግፎ የጨረሰ ሰው በእጁ የያዘው ሊፈነዳ የተዘጋጀ ድብልቅ ሊሆን ይችላል።

ስንት ቤንዚን ይበቃዋል? የቮልስ ሰልባትዮ 40 ሊትር ገደማ ነው። የዚያ 1.4 በመቶ ግማሽ ሊትር ከትንሽ በላይ ተን ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ቤንዚን ሲተን 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ተን ይወጣዋል። ሒሳቡ ወደ ሦስት ሚሊ ሊትር ይመጣል። የሻይ ማንኪያ አምስት ይይዛል። የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቤንዚን በቂ ነው። ያንን ያህል ቤንዚን ሰልባትዮው ስፌት ውስጥ፣ ዝገቱ ሥር፣ የነዳጁን መጠን የሚለካው ተንሳፋፊ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

«በውሃ ታጥቧል» ለሚለው፦ ቤንዚንና ውሃ አይዋሐዱም። ውሃው ሲገባ ቤንዚኑ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሲወጣ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቤንዚኑ አርጅቶ የተወውን የደረቀ ሙጫ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካውም። ሽታውም ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ የብየዳው ሙቀት ሲመጣ ሙጫው እንደገና ተን ይሆናል። ማለትም ሰልባትዮው ብየዳው ሲጀመር «ንጹሕ» ሊሆን፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ላይሆን ይችላል።

ሰፈራችን የብየዳ ቤት ያላቸው ጋሽ አሉ። ያልበየዱት ነገር የለም፤ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ጋን፣ የጋሪ እግር። የአባቴን ሰልባትዮ ይዤ ስሄድ አልተቀበሉኝም። በእርሳስ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረችበት። «ታጥቧል ጋሼ» አልኳቸው። ዝም ብለው የግራ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ቆዳው ለስልሶ እንደ ተጨማደደ ላስቲክ ያበራል። «ያኛውም ታጥቧል ብለውኝ ነው። ሁለት ጊዜ» አሉኝ። ክዳኑ ጣሪያውን በስቶ እንደወጣ፣ ረዳታቸው ለቡና ወጥቶ ስለነበር ብቻ እንደተረፈ ነገሩኝ። ከዚያ ሰልባትዮውን በጣታቸው ቆርቆር አደረጉና «ይህ ባዶ ይመስልሃል?» አሉኝ።

በትክክል የሚሠሩት ሰዎች በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግመው ያጥባሉ፣ ውስጡን እሳት በማያቀጣጥል ጋዝ ይሞሉታል፣ በመለኪያ ይፈትሻሉ። መለኪያ የሌለው ሰው በአፍንጫው መመዘን የለበትም። የመኪና ጭስ ወደ ሰልባትዮ እያስገቡ የሚበይዱም አሉ። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሊኖር ይችላል፣ ከቱቦው ብልጭታም ሊወጣ ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ ያለ እሳት በሚደርቅ የብረት ማጣበቂያ ትደፈናለች። የበሰበሰ ከሆነ ሌላ ሰልባትዮ መግዛት ነው።

የቀሩት ቶሎ ያልቃሉ። ከአዲስ ቤንዚን ጋር መደባለቅ፦ ጥቂት ወራት የቆየ፣ ቀለሙ ያልተለወጠ ከሆነ በጥቂቱ ከብዙ አዲስ ጋር ቢደባለቅ እስማማለሁ። ቀይ ሻይ የመሰለው ግን አዲሱንም ያበላሻል እንጂ አይድንም። ዕቃ ማጠቢያ ይሁን የሚሉም አሉ፤ ቤንዚን ማጠቢያ አይደለም፣ ናፍጣ ለዚያ ይሻላል። ቦይ ውስጥ ይደፋ የሚለውን ግን ጸሐፊው እንደገና ያስቡበት። በሜክሲኮ ጓዳላሃራ ከተማ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1992 ቤንዚን ወደ ፍሳሽ መስመር ሰርጎ ገብቶ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም መንገድ ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኛ ጥቂት ሊትር ያንን አያደርግም፣ ልክ ነው። ግን ቦዩ ክዳን አለው፣ ከሥሩ ተን ይታፈናል፣ ላዩ ላይ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ተቀምጠዋል። ቆሻሻ ነዳጅ የሚያጠራቅም ትልቅ ጋራዥ ፈልጎ መስጠት ነው። ከተቃጠለ ዘይት ጋር ግን አይቀላቀል፤ ያንን ዘይት የሚቀበለው ሰው ቤንዚን እንዳለበት አያውቅም።

ለእሳት የተባለውን ባልዲ ውሃም ይተዉት። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል እየነደደ ይንሳፈፍና እሳቱን ግቢው ውስጥ ይዞ ይዞራል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ወይም አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይቅረብ። አዲስ አበባ ከሆኑ የእሳት አደጋ ጥሪው 939 ስልክዎ ላይ ይመዝገብ፤ ስልኩ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ ራቅ ብሎ ይሁን።

ጸሐፊው ሰውን ለመርዳት እንደጻፉ አልጠራጠርም። ስለ ባትሪውና ስለ ቆየ ቤንዚን የጻፉት ብዙ ሰው ጠቅሟል። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ ሌላው እንኳ ቢቆይ፣ «ታጥቦ መበየድ ይቻላል» የምትለዋን መስመር ዛሬውኑ ያውጡልን። የአባቴ ሰልባትዮ ጓሮ አለ፤ ክዳኑ ተከፍቶ አፉ ወደ ታች ተደፍቷል። ሦስት ወር ሆኖታል። ትናንት ጠጋ ብዬ ሳሸተው አሁንም ቫርኒሽ ይሸታል።